ደም የምትፈራ ጥርስ ነቃይ

ሥራዬ ጥርስ መንቀል ነው። ባሕር ዳር ከመጣሁ አስር ዓመት ሊሞላኝ ነው። አዳማ ያሉት ወላጆቼ በስልክ ባገኙኝ ቁጥር መቼ ጠቅልለሽ ትመጫለሽ ይሉኛል፤ እኔም በሚቀጥለው ዓመት እያልኩ ይኸው አለሁ። የምኖረው ፔዳ አካባቢ፣ ተማሪና አስተማሪ በሞላበት ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። የምሠራው ደግሞ ከገበያው ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ትንሽ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው። ሰው ሥራዬን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የአፍ ሽታ አያስጠላሽም ወይ ብሎ ነው። አያስጠላኝም። የምፈራው ደም ነው። እንዲህ ስል ሰው ይስቃል፤ ነርሳችንማ በር ላይ ይለጠፍልሽ እያለች ታሾፍብኛለች። እኔ ግን እውነቴን ነው፤ ደግሞም አብሮኝ የተወለደ ፍርሃት አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዐቢይ ጾም፣ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ውስጥ እስከ ወገባቸው ቆመው መረብ ሲጥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሕመም አለብዎት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ከጥርሴ በቀር ደኅና ነኝ አሉ። ሆዳቸው ወጣ ማለቱን አይቼ ነበር፤ ግን ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶታል፣ ጥርሷም ትወዛወዝ ነበርና በደቂቃ ነቅዬ ሸኘኋቸው። ደሙ አልቆመም። ኋላ እንደሰማሁት፣ ከሐይቁ ውኃ የሚገባው ቢልሃርዝያ ጉበታቸውን አድርቆት፣ ጣፊያቸውንም አሳብጦት፣ ደም የሚያረጋው ነገር በሰውነታቸው አልቆ ኖሯል። ጥጡን ነክሰው ይያዙ፣ ምራቅዎን ይዋጡ እንጂ አይትፉ ስላቸው እሺ ልጄ ብለውኝ ነበር። ግን ጾም ነው፤ ደም መዋጥ ደግሞ በጾምም በፍስክም የማይሞከር ነገር ነው። እኔን ላለማሳፈር እሺ አሉ እንጂ፣ ከበር እንደወጡ ጥጡን ጥለው ቀኑን ሙሉ ሲተፉ ዋሉ፤ በተፉ ቁጥር የረጋችው ትንሽ ደም እየተነሣች ትወጣለች። በማግስቱ ልጃቸው ደግፏቸው ሲመጡ ልብሳቸው ከአንገታቸው እስከ ጉልበታቸው ደም ነበር። ሦስት ዘመዶቻቸው ደም ሰጥተው ነው የተረፉት። ድነው ሲሰናበቱኝ "አስቸገርሁሽ ልጄ፣ ይቅርታ" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር ልላቸው ፈልጌ፣ በር ድረስ ብቻ ሸኘኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ጠያቂ ሆንኩ። ሕመም አለብህ ወይ ብሎ መጠየቅ ዋጋ እንደሌለው ገብቶኛል፤ ሰው ሕመሙን ከተናገረ ሳይነቀልለት የሚመለስ ስለሚመስለው ይደብቃል። ስኳርም፣ ግፊትም፣ የጉበት ችግርም ያለበት ሰው ወንበሩ ላይ ሲወጣ ጤነኛ ነው። ስለዚህ በዙሪያው እዞራለሁ። ዛሬ ጠዋት ከቤት ሲወጡ ምን ዋጡ? ምላጭ ሲቆርጥዎት ቶሎ ይቆማል? ድድዎ ጥርስ ሲፍቁ ይደማል? ወንድምዎ ወይም እናትዎ ደም አልቆም ብሏቸው ያውቃል? ቦርሳቸውን ከፍተው ያለውን ክኒን ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ እንዲያስቀምጡ አደርጋለሁ። ነርሳችን ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፤ አንድ ቀን ጥያቄዬን ሰምታ ሰምታ ሲሰለቻት "ጥርሱን ልትነቅይለት ነው ወይስ ልጅሽን ልትድሪለት?" አለችኝ። ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ መጠየቄን ግን አልተውኩም።

አንድ ቀን ከደልጊ አንዲት ሴት መጣች። ደልጊ ከሐይቁ ማዶ፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል ያለች የዳር ከተማ ናት። ዕድሜዋ አርባን አልፏል። ከታላቅ ወንድሟ ጋር ከአባታቸው የወረሱትን የጨርቅ ሱቅ ይዘው ይነግዳሉ። ከታች በቀኝ በኩል ያለው መንጋጋዋ ተቦርቡሮ ሥሩ መግል ይዟል፤ ጉንጯ አብጦ አንድ ዓይኗን አጥብቦታል። እዚያው ደልጊ ሁለት ጊዜ የመግል መድኃኒት ወስዳ ጎደል ይልና ይመለስባታል። ወንድሟ ከጎኗ ቆሟል፤ ረጋ ያለ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ለእያንዳንዱ ቃል የሚያስብ ሰው ነው። እሷ ግን አፏ ያበጠ ሰው አትመስልም፤ ወሬዋ አያልቅም። ስለ ጉዞው አወራችልን፣ ስለ ነርሳችን ጋወን ጨርቅ ጥራት አወራችልን፣ እኔን ደግሞ ገና እርስዎ ብዬ ስጀምር አስቆመችኝ። እርስዎ አትበይኝ አታስረጂኝ፣ ገና ባል ላገባ እችላለሁ አለች። ወንድሟ ወደ መሬት አየ። እኔም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንቺ አልኳት።

ሕመሟን አልደበቀችኝም። ሳልጠይቃት ከቦርሳዋ አንድ ፌስታልና ጠርዙ የተበላ ካርድ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና "ልቤ ውስጥ ብረት አለ" አለችኝ። በልጅነቷ የያዛት የጉሮሮና የመገጣጠሚያ ሕመም የልቧን ቫልቭ አበላሽቶት፣ ከስምንት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄዳ በሰው ሠራሽ ተቀይሮላታል። ቀረብ ሲሏት ይሰማል፤ ወደ አፏ ጎንበስ ስል እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። ጆሮዬን ማቅናቴን አይታ እኔ ሌባ መሆን አልችልም፣ ተደብቄ እንኳ ድምፄ ይሰማል አለችን። ነርሷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች።

ፌስታሉ ውስጥ ከነበሩት ክኒኖች አንዷ፣ ትንሿ ሮዝ፣ ደም ማቅጠኛ ናት። ብረት በልቡ ውስጥ ያለ ሰው ያለ እሷ አይኖርም፤ ደም ብረቱ ላይ ይረጋና ተቆርሶ ወደ አንጎል ይሄዳል። ክኒኗን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሲቆስል ደሙ ቶሎ አይቆምም። ስለዚህ ጥርስ ከመንቀሌ በፊት ደሟ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚናገር አንድ ቁጥር ያስፈልገኛል። ካርዷ ላይ ያለው የመጨረሻው ቁጥር ሁለት ወር ያለፈው ነው። ወደ ላቦራቶሪ ላክኋት፤ የምርመራው ኬሚካል አልቋል አሏት። ሌላ ጋ ላክኋት፤ ማሽኑ ተበላሽቷል አሏት። ካርዱ ላይ ወዳለው የአዲስ አበባ ሐኪሟ ደወልኩ፤ አልተነሣም። ደግሜ አልደወልኩም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የደወልኩት።

መጽሐፉ የሚለውን አውቃለሁ። ለአንድ ጥርስ ተብሎ ደም ማቅጠኛ አይቆምም። ተነቅሎ ጉድጓዱ ይሰፋል፣ ጥጥ ይጠቀጠቃል፣ ደም በሚያረጋ መድኃኒት የተነከረ ጨርቅ ይነከሳል፤ ሰውየው ቆይቶ ይታያል። መንጋጋ ላይ የሚፈሰውን ደም በጣቴ ልደርስበት እችላለሁ፤ ልብ ውስጥ የረጋውን ግን ማንም በጣቱ አይደርስበትም። ይህንን ተማሪ ሳለሁ በፈተና ተጠይቄ በትክክል መልሻለሁ። ያን ቀን ግን የሴትየዋ ካርድ እጄ ላይ እያለ የታየኝ ከአንገት እስከ ጉልበት በደም የራሰው የሽማግሌው ልብስ ነው። ለእሷ ፈራሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። የፈራሁት ለራሴ ነው።

ክኒኗን ከዛሬ ጀምራ እንድታቆም፣ በአምስተኛው ቀን እንደምነቅልላት ነገርኳት። ፊቷ ትንሽ ተለወጠ። አዲስ አበባ ያሉት አንድም ቀን እንዳያልፍሽ ብለውኝ ነበር አለች። እኔም አውቃለሁ፣ ለጥቂት ቀን ነው አልኩ። ከዚያ ለሁሉም በሽተኛ የምላትን አመሌን ጨመርኩባት። እዚህ አገር መካሪ የሌለበት ቤት የለም፤ እኔ አንድ ነገር ካዘዝኩ በኋላ ጎረቤቱ፣ አክስቱ፣ ፋርማሲ የሚሠራው የአክስቱ ልጅ ሁሉም የየራሱን ያዛል። ስለዚህ ትእዛዜን ጠበቅ አድርጌ የማሰር ልማድ አለኝ።

"ማንም ምንም ቢልሽ እንዳትሰሚ" አልኳት። "እኔ ራሴ ጀምሪ እስክልሽ ድረስ እንዳትውጪ።"

"አንቺ እስክትይኝ?"

"እኔ እስክልሽ።"

"እሺ ካልሁ እሺ ነው" አለች። ወንድሟን ዘወር ብላ አየችውና፣ እኔና እሱ በቃል ስንነግድ ነው የኖርነው፣ ወረቀት አናውቅም ብላ ሳቀች።

አምስቱን ቀን እዚሁ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ሰነበቱ። በቀጠሮው ቀን ጠዋት መጡ። ጥርሱ አስቸጋሪ ነበር፤ ሥሮቹ ተጣመዋል፣ አንደኛው ተሰብሮ ቀረና ለብቻው ቆፍሬ አወጣሁት። ሰፋሁላት፣ ጥጥ አስነከስኳት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጥኳት። ሽማግሌውን አስታውሼ፣ ምራቅሽን ዋጪ እንጂ እንዳትተፊ ብዬ ሦስት ጊዜ ነገርኳት፤ አፏ ስለታሰረ በዓይኗ እሺ አለችኝ። ጥጡን ሳወጣው ነጭ ነበር ለማለት ምንም አይቀረውም። ደስ አለኝ። ደስታ ብቻም አይደለም፣ ኩራት ያዘኝ፤ ጥጡን በመቆንጠጫ ይዤ ለነርሷ አሳየኋት። ሴትየዋን ነገ ጠዋት ተመለሺ፣ ቁስሉን አይቼ ስለ ክኒኑ እነግርሻለሁ ብዬ ሸኘኋት።

ከወጡ በኋላ ነርሷ ዕቃ እያጠበች፣ ዛሬውኑ ትጀምር ብትያት አይሻልም ነበር ወይ አለችኝ። ትክክል ነበረች። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ድል ያደረግሁ መስሎኛል፤ ድሌን የሚያበላሽብኝ ሰው አልፈለግሁም። ነገ ትመጣ የለ እንዴ፣ ያንቺ ሥራ ዕቃ ማጠብ ነው አልኳት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። ነርሷ ቧንቧውን ዘጋችና ወጣች።

በማግስቱ ከተማው ተዘጋ። እዚህ የሚኖር ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ሰምቶ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። ሱቅ አልተከፈተም፣ ባጃጅ አልነበረም፣ ከግቢ የሚወጣም አልነበረም። መኪናውም ጀልባውም ቆመ። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ተቋረጠ። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ስለ እሷ አሰብኩ። ዘመድ ቤቷ የት ሰፈር እንደሆነ አልጠየቅኳትም ነበር፤ ብጠይቃትም መሄድ አልችልም። ሁለተኛውን ቀን አሰብኩ። በሦስተኛው ቀን ዱቄት የት እንደሚገኝ ማሰብ ጀመርኩ።

ሳምንት ሲሞላው ትንሽ ከፈት ሲል በእግሬ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ዳሩ ላይ እምቦጩ ተጠቅጥቆ ውኃው አይታይም። ዓሣ የሚጠብሱት ሴቶች የሉም፤ ጀልባዎቹ ተያይዘው ታስረዋል። አንድ ጠባቂ አገኘሁና፣ ከተማው ሊዘጋ ሲል የመጨረሻው ጀልባ ወደ ማዶ የሚመለሱትን ሰዎች ጭኖ መሄዱን፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰውና ጉንጯ ያበጠ ሴትም እንደነበሩበት ነገረኝ። ደልጊ ገብታለች ማለት ነው። ደስ አለኝ። ቤቷ ከገባች ክኒኗ አጠገቧ ነው፣ ወንድሟ ብልህ ሰው ነው፣ እሷም ሞኝ አይደለችም አልኩ። ልቡ ውስጥ ብረት ይዞ ያለ መድኃኒት እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው የት አለ? እንዲህ እያልኩ ራሴን እየደለልኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ስልኩ በአስራ አምስተኛው ቀን ገደማ ተመለሰ። ክሊኒኩ ተከፈተ፤ ሁለት ሳምንት ጥርሱን ይዞ የተኛ ሰው ሁሉ በአንድ ጠዋት መጣ። ክሊኒኩ ያወጣላት ካርድ መሳቢያዬ ውስጥ ከሁሉም በላይ ነበር። የወንድሟ ስልክ ቁጥር በራሴ እጅ ጽሑፍ ተጽፎበታል። መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ፤ ጓንት አወጣበትና እዘጋዋለሁ።

ለምን እንዳልደወልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሥራ በዝቶ ነበር፤ ግን አንድ ደቂቃ አይጠፋም። እውነቱ ፍርሃት ነው። ማዶ ከገባች በኋላ ደምታ ይሆናል፣ መንገድ በተዘጋበት፣ ሐኪም በሌለበት ቀን ደሟ አልቆም ብሏት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እስካልደወልኩ ድረስ አልደማችም። ሥራ በጀመርን በሁለተኛው ቀን ነርሷ የደልጊዋን ሴት ደወልሽላት ወይ አለችኝ። አዎ፣ ደኅና ናት አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም፤ ከዋሸሁ በኋላ ግን መደወል ይበልጥ ከበደኝ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት በሩ ላይ ነርሷ "ውይ" ስትል ሰማሁና ቀና አልኩ። ወንድሟ ነው። እሷን በግራ ብብቷ ስር ይዞ፣ እሷ አንድ እግሯን ስትጎትት፣ ቀስ እያለ ያስገባታል። ቀኝ እጇ በሻርፕ ታስሮ ደረቷ ላይ ተኝቷል። ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ወርዷል። ዓይኗ ግን ያው ነው፤ ገና ከበር እያለች አገኘኝና አለቀቀኝም። ደኅና ነሽ ወይ አልኳት። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። ያቺ ወሬዋ የማያልቅ ሴት እንደገና ሞከረች፣ እንደገና ያው ድምፅ ወጣ፣ ከዚያ ተወችው።

ነርሷ ወንበር አቀረበችላቸው፤ ወንድሟም ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረን። ጥርሷ በተነቀለ በሃያኛው ቀን ሱቅ ውስጥ ለአንዲት ሙሽራ ጨርቅ እየቆረጠች ሳለ መቀሱ ከእጇ ወደቀ። ጎንበስ ብላ ልታነሣው ስትል እሷም ወደቀች። ጎንደር ወሰዳት። ከልቧ የተነሣ የረጋ ደም አንጎሏን ዘግቶታል አሉት፤ ክኒኗን አቋርጣ ነበር ወይ ብለውም ጠየቁት። ሐኪም ያዘዘው ነው አልኋቸው አለኝ። ይህን ሲል በድምፁ ውስጥ ወቀሳ ፈለግሁ፤ ወቀሳ አልነበረም። ያ ባሰብኝ። ሳይታወቀኝ ተነሥቼ ቆሜ ነበር።

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኩት። "ክኒኑ መቆም አልነበረበትም። አውቅ ነበር፤ ደም ፈርቼ ነው ያስቆምኳት። ስልኩም ሲመለስ መደወል እችል ነበር።"

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። ደወልኩላት ያልኳትን ማስታወሷን ከዓይኗ አየሁ።

ወንድሟ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። እኔም ጀምሪ ብያት ነበር አለኝ። መንገዱ በተዘጋ በሳምንቱ ለምኗታል፣ ተቆጥቷታል። ዶክተሯ አላለችኝም ትለዋለች፤ ስልኩ ሲመለስ ትደውላለች ትለዋለች።

"ስልኩ ተመለሰ" አለ። "የእርስዎ ቁጥር አልነበረንም፤ እኔ ሞባይሌን ሰጠኋት። ጨርቅ ስትለካ መደርደሪያው ላይ፣ ፊት ለፊቷ አስቀምጣው ነበር። ለመስገድ ስትነሣ እንኳ ይዛው ትነሣለች። አምስት ቀን እንዲያ ሆነች።"

አምስት ቀን። እኔ መሳቢያ እየከፈትኩ የዘጋሁባቸው አምስት ቀናት ናቸው። ከደልጊ የመጣ ሰው ፊቴ ተቀምጦ ይህን እየነገረኝ፣ ከኮሪደሩ ደግሞ ተራዬ አልደረሰም ወይ የሚል ሰው ድምፅ ይሰማኛል። አለቀስኩ። በሥራ ቦታ አልቅሼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ አለቀስኩ። ሴትየዋ ታየኛለች፤ በግራ እጇ አየሩን መታ መታ አደረገች፣ ሕፃን ዝም እንደሚያሰኝ ሰው።

ወንድሟ እስክረጋጋ ጠበቀኝ። ከዚያ የመጣነው ለክስ አይደለም አለኝ፤ ችግር ገጥሞን ነው። ጎንደር ሳለች ደም ማቅጠኛው በመርፌ ነበር የሚሰጣት። ቤት ከገባች በኋላ የታዘዘላትን ክኒን ሁሉ ትውጣለች፤ የግፊቱንም፣ ሌላውንም። ትንሿን ሮዝ ክኒን ስታይ ግን ጥርሷን ግጥም ታደርጋለች። ማር ውስጥ ደበቁላት፤ በምላሷ ፈልጋ አውጥታ ተፋችው። የሰፈራቸው ሼህ መጥተው ለመኗት፤ እሳቸውንም ፊቷን አዞረችባቸው። በግራ እጇ ወደ ሐይቁ ትጠቁማለች። ውኃ የፈለገች መስሏቸው ዳር ድረስ ወሰዷት፤ እዚያም ሆና ወደ ማዶ ትጠቁማለች። የገባቸው ከሳምንት በኋላ ነው።

"እርስዎን ነው የምትጠብቀው" አለኝ። "ጎንደር ያሉት ያለ ክኒኑ ሁለተኛ ከመጣባት አትተርፍም ብለውኛል። አንድ ጊዜ ይንገሩልኝ ዶክተር፣ ለዚህ ነው የመጣነው።"

ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለችውን ክኒን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ነርሷ ውኃ አመጣች። ጓንቴን አወለቅኩና ሴትየዋ ፊት ተንበረከክሁ፤ ቁመታችን እኩል እንዲሆን ነው። ክኒኗን ሳሳያት ጥርሷ ሲገጥም አየሁ። እኔ ነኝ አልኳት። ጀምሪ። በዚያው ማታ ልልሽ ይገባ ነበር፣ የቆየሁት እኔ ነኝ፣ ዋጪ።

አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ አፏን ከፈተች። በሽተኛ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እንደሚከፍተው፣ ሰፋ አድርጋ፣ ራሷን ወደ ኋላ ደገፍ አድርጋ ከፈተችልኝ። ዓይኔ ሳላዘው ወደ ታች ቀኝ ሄደ። ጉድጓዱ ድኗል፤ ድዱ ገጥሞ ሮዝ ሆኗል፣ ስፌቱ የነበረበት እንኳ አይታወቅም። ክኒኗን ምላሷ ላይ አስቀመጥኩላት። ውኃው በወረደው ከንፈሯ በኩል ፈሰሰ፤ ነርሷ ጠረገችላት። ዋጠች። መዋጧን ልታሳየኝ እንደገና ከፈተችልኝ።

ወንድሟ አላህ ይስጥልን ብሎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። በየስንት ጊዜው ደሟ መመርመር እንዳለበት፣ የት እንደሚመረመር፣ ምን ምልክት ሲያዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጎንደር መሄድ እንዳለባቸው ጽፌ ሰጠሁት። የራሴንም ስልክ ጻፍኩለት፤ የአዲስ አበባውን ሐኪምም እስኪያነሣ ድረስ ደወልኩለት፣ በአራተኛው አነሣ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ወንድሟ አልተነሣም። የዛሬውንስ ዋጠች፣ የነገውስ? አለኝ። ነገም ጥርሷን ብትገጥም ይህን ሐይቅ በየቀኑ መሻገር አልችልም አለ። ሞባይሉን አውጥቶ አንድ ነገር ነካካና ወደ አፌ አስጠጋው። እዚህ ውስጥ ይንገሯት፣ ማታ ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አሰማታለሁ አለኝ።

የመጀመሪያው ላይ ድምፄ ተቆረጠ። ሁለተኛውን ሰማውና ራሱን ነቀነቀ፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ትጠራጠራለች፣ እንደዚያን ቀን አድርገው ይናገሩት አለኝ። እንደዚያን ቀን። ጉሮሮዬን ጠራረግሁና ትእዛዝ እንደሚሰጥ ሰው አድርጌ ተናገርኩት፤ እኔ ነኝ፣ ክኒንሽን ዋጪ፣ ማንም ምንም ቢልሽ እንዳታቆሚ።

መቀዳቱን ሊያረጋግጥ አጫወተው። ድምፄ ከስልኩ ውስጥ ጠንከር ብሎ ወጣ። እኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ፊቷ ተቀምጬ ነበር፤ እሷ ግን ስልኩን አየች፣ ራሷን ወደ ኋላ አደረገችና አፏን ከፈተች።

"አይ እቱ" አላት ወንድሟ። "የዛሬውን ውጠሻል።"

አልዘጋችም። ጣቱን አገጯ ስር አድርጎ ቀስ ብሎ ዘጋላት።